የባሕር ዳር መብራትና የንግድ ቤት ሒሳብ

ነጋዴ በደጁ መብራት የሚያበራው ደንበኛው መንገዱን እንዲያገኝ ነው። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት የባሕር ዳርቻ ግን ያው መብራት ሌላውን መንገደኛ ከመንገዱ ሲያስተው ኖሯል። በዚህ ምክንያት የወጣው የመብራት ደንብ በሥፍራው ባለሆቴሎችና ባለሱቆች ዘንድ ማጉረምረምን አስነሥቷል፤ ማጉረምረሙም ከፊሉ እውነተኛ ነው፥ ከፊሉ ግን ሒሳብን አጥርቶ ካለማየት የመጣ ነው። ባሕሩ ከአዲስ አበባ ሩቅ ቢሆንም፥ የደንብ ወጪ በማን ላይ ይውደቅ የሚለውን ጥያቄ የማያውቅ ባለሱቅ በየትም ከተማ አይገኝም።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። የባሕር ኤሊ እንስት በሌሊት ከውቅያኖስ ትወጣና በአሸዋው ውስጥ ጉድጓድ ምሳ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ አሸዋውንም መልሳ ከደፈነች በኋላ ወደ ባሕሯ ትመለሳለች። ሁለት ወር ያህል ቆይተው ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ፤ የሚወጡትም አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ ነው። የምትመራቸው እናት የለችም። ከጥንት ጀምሮ በባሕር ዳር ሌሊት ብሩህ ሆኖ የሚታየው ወገን የጨረቃና የከዋክብት ብርሃን የሚያርፍበት ውሃ ስለ ነበረ፥ ተፈጥሮአቸው ወደ ብርሃን እንዲሄዱ ያዛቸዋል። የሆቴል በረንዳ፥ የመኪና ማቆሚያ ወይም የሱቅ ሰሌዳ ከውሃው ይልቅ ሲያበራ ግን ፊታቸውን ወደዚያ ያዞራሉ። በመኪና መንገድ ላይ ይደቀቃሉ፥ ለሸርጣንና ለወፍ ሲሳይ ይሆናሉ፥ ወይም ፀሐይ ስትወጣ ደርቀው ይቀራሉ። እናቲቱም ብትሆን ብርሃን የበዛበትን አሸዋ ትሸሻለች።

ሎገርሄድ የሚባለው የኤሊ ዘር በአሜሪካ ከሚሠራቸው ጎጆዎች ከመቶ ዘጠና ያህሉ የሚገኙት በፍሎሪዳ ነው። ይህ ዘር በ1973 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በወጣው የዱር አራዊትና ዕፅዋት ጥበቃ ሕግ ሥር የገባው በ1978 ሲሆን፥ ግዛቱ ደግሞ በ1993 ለከተሞችና ለአውራጃዎች አርአያ የሚሆን የመብራት ደንብ አወጣ።

ደንቡ ጨለማን አያዝም፤ ብዙው ቅሬታ የሚነሣው ይህን ካለማስተዋል ነው። የሚጠይቀው መብራቱ ዝቅ ብሎ እንዲተከል፥ ጨረሩ ወደ ዳርቻው እንዳይወጣ እንዲጋረድ፥ ከባሕሩ ወገን የሚታየውም የአዲስ ሕንፃ መስተዋት ከውስጥ ብርሃን ከመቶ 45 በላይ ወደ ውጭ እንዳያሳልፍ ነው። ኤሊዎቹ በነጭና በሰማያዊ ብርሃን ይበልጥ ስለሚሳቡ፥ ወደ ብርቱካንና ወደ ቀይ ያደላ አምፑል ይመረጣል። ወደ ሰማይና ወደ ባዶ ባሕር የሚበተን ብርሃን አንዲት ዕቃ እንኳ አይሸጥም፤ ቆጣሪው ግን አንዱንም ሳይዘል ይቆጥረዋል። እንዲህ ያለውን ብክነት በመጋዘኑ ውስጥ ቢያገኘው ዝም የሚል ነጋዴ የለም።

እውነተኛው ቅሬታ ከዚህ የተለየ ነው። ደንቡን አንዱ ከተማ ሲያጸናውና ጎረቤቱ ሲያላላው፥ ታዛዡ ነጋዴ የተጋረደውን መብራት ገዝቶ ያልታዘዘው ተወዳዳሪው በደማቅ ሰሌዳ ደንበኛውን ይወስድበታል። ጫጩቶቹም የከተሞችን ወሰን አያውቁም። በቮሉዥያ አውራጃ የተነሣው ክርክር ይህንኑ ገልጦ አሳይቷል። በ1995 በተጀመረው በዚህ ክስ ከከሳሾቹ ስም ቀድሞ የተጻፈው የኤሊዋ ስም ነበረ (ጠበቃ ያቆሙላት ግን ሰዎች መሆናቸው ግልጽ ነው)። አውራጃው በዳርቻው ላይ ስለሚነዱት መኪናዎች ከፌዴራል መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1998 ይህ ፈቃድ በመብራት ለሚደርሰው ጉዳት መሸፈኛ እንደማይሆን ወሰነ። ደግሞም ደንቡን በየከተማው የሚያስፈጽሙት ከተሞቹ ራሳቸው ቢሆኑም አውራጃው ሊከሰስ እንደሚችል ፈረደ። ይህ ፍርድ ለነጋዴ ክፉ ዜና ተብሎ ተወስዶ ይሆናል። በትክክል ሲመዘን ግን ለታዛዡ ነጋዴ ጠበቃ ነው፤ ግዴታው በሁሉ ላይ እኩል ወደሚወድቅበት ሥርዓት ይመራልና።

ገና መልስ ያላገኘው የተከራዩ ጉዳይ ነው። ግድግዳው የባለቤቱ፥ መብራቱ የባለሱቁ በሆነበት ቤት፥ ለሁለት ዓመት ብቻ የተከራየ ሰው ለሃያ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ እንዲተክል ማስገደድ ፍርደ ገምድልነት ነው። በግድግዳ ላይ የሚተከለውን ባለቤቱ፥ የሚለወጠውን አምፑል ተከራዩ እንዲከፍል በኪራይ ውል ላይ መጻፍ ይገባል።

አስመጪውም ድርሻ አለው። ለዓይን ቢጫ የሚመስል አምፑል ሁሉ ለኤሊ የሚስማማ አይደለም፤ የሚፈለገው የብርሃን ሞገዱ ከ560 ናኖሜትር በላይ የሆነው ነው። ስለዚህ ገዢው የካርቶኑን ሥዕል ትቶ የሞገዱን ልክ ከፋብሪካው በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ይህን ሳያደርግ ዕቃውን ያራገፈ አስመጪ ኪሳራውን በራሱ ላይ ይቍጠር። በሰኔና በሐምሌ ወራት ፈቃድ ያላቸው መሪዎች እንግዶችን በሌሊት ይዘው እንቁላል የምትጥለውን ኤሊ ስለሚያሳዩ፥ ጨለማው ራሱ ለባለሆቴሉ እንግዳ ያመጣለታል።

ኤሊዎች በሚበዙበት በአትላንቲክ ወገን የጎጆው ወቅት የሚከፈተው መጋቢት 1 ቀን፥ የሚዘጋውም ጥቅምት 31 ቀን ነው። አምፑል የሚያዝዝ ሁሉ ዕቃው ተጓጉዞ፥ ተራግፎና ተተክሎ እስከ የካቲት መጨረሻ እንዲያልቅ አድርጎ ቀኑን ይቍጠር።