የአንድ ሰዓት በረራና የጋይንት መንገደኛ

እናቱ የታመሙበት አንድ ጋይንቴ ወዳጄ ሰሞኑን ደውሎ፣ «ከቦሌ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲል ጠየቀኝ። «አንድ ሰዓት» አልኩት። «እሱስ ለባሕር ዳር ሰው ነው» አለኝ። እናቱ የሚኖሩት ቤተ ልሔም አካባቢ ነው።

ነገሩን ሳሰላስለው እውነቱን ነው። ከቦሌ እስከ ባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታው የአየር መስመር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ ግማሽ ሰዓት ይበቃው ነበር። ይሁንና ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከሚነሳበት እስከ መቆሚያው እስኪደርስ ያለው ነው፤ መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙ፣ ለማረፍ መዞሩ ሁሉ ይቆጠራል። ጎንደር ወደ 90 ኪሎ ሜትር ርቃም በሰዓት ብዙ የማትበልጠው ለዚህ ነው።

የሚገርመው ላሊበላም ከቦሌ ያላት የአየር ርቀት ያው 330 ገደማ መሆኑ ነው። ከባሕር ዳር ላሊበላ ቀጥታ መስመር ቢሰመር ደግሞ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ላይ ጋይንትን ያቋርጣል። ወዳጄ እንግዲህ በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል የተወለደ ሰው ነው። ታዲያ በየትኛው ቢወርድ ይሻለዋል? በባሕር ዳር ቢወርድ በወረታ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ነው፤ በላሊበላ ቢወርድ በጋሸና። ሁለቱም የሚያወጡት በደርግ ዘመን ቻይናዎች ወደ ሠሩት ወደዚያው የወረታ–ወልድያ መንገድ ነው።

ጭንቁም እዚህ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ግጭቱ ሲቀሰቀስ ወደ ክልሉ ከተሞች የሚደረገው በረራ ተቋረጠ፤ የባሕር ዳርና የጎንደሩ ግን በቀናት ውስጥ ተመለሰ። በእኔ አስተያየት የበረራ መቀጠል ብዙዎቻችንን አዘናግቶናል። አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ቦታ ነው፤ ይጠበቃል፣ በአንድ ውሳኔም ይከፈታል። መንገድ ግን በየኬላው፣ በየድልድዩ፣ በየከተማው መግቢያ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የጋይንት ሰው ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ሳይሆን «ዛሬ መኪና ያልፋል?» ብሎ ነው።

ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የድጓ ተማሪ ከጎጃምም ከወሎም ቁራሽ እየለመነ በእግሩ ይመጣባት ነበር። እሱ እንኳ መንገዱ ስንት ቀን እንደሚወስድበት ገምቶ ይነሳ ነበር! ወዳጄ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

ትናንት ቲኬቱን ቆርጧል። መሄጃውን ብቻ።