መደርደሪያው ሳይቆጠር ኮምፒውተሩ ምን ይቆጥራል?

«ሲስተም ገባ» ሲባል ደስ ይለናል። ፎቶ ይነሳል፣ የሥልጠና አበል ይከፈላል፣ በቃ። ዓለም ከተማ ላይ ልጇን አዝላ ለመጣች እናት ግን ጥያቄው አንድ ነው፦ መድኃኒቱ አለ ወይስ የለም?

የጤና ተቋማት መጋዘን የሚሠራበት አንዱ ሶፍትዌር ዳጉ ይባላል። በአፋሮች ዘንድ ዳጉ ያዩትንና የሰሙትን ሳያዛቡ ላገኙት ሰው መንገር ነው። እኛ ጋ ደግሞ ከመደርደሪያው ጋር ያልተመሳከረ ቢን ካርድ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል!

ሒሳቡን እዩት። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚጠይቀው በየሁለት ወሩ ሲሆን ጣሪያው የአራት ወር ፍጆታ ነው። በሁለት ወር 600 ስትሪፕ ለሚያወጣ ተቋም ጣሪያው 1,200 ይሆናል። ሲስተሙ 500 አለ ይላል እንበል። ከዚያ ውስጥ 300ው ግን ጊዜው ያለፈበት፣ ከመዝገብ ያልተቀነሰ ነው። ተቋሙ 1,000 መጠየቅ ሲገባው 700 ይጠይቃል። ማንም አልሰረቀም፤ ታማሚው ግን «ከውጭ ግዛ» ይባላል።

ስለዚህ ዕቅዱ ከሰኔ 30 ቆጠራ ይጀምር፤ ለኦዲተር ተብሎ ከሚደረገው ሳይሆን ካርቶን ተከፍቶ ከሚቆጠረው። ከዚያ ቢን ካርዱና ሲስተሙ ቢያንስ ሁለት የሪፖርት ዙር ጎን ለጎን ይሂዱ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየ ሰው «ወረቀቱን ጣሉት» አይለንም። መብራቱንማ ተዉት።

ፋርማሲስቱ ሲዛወርስ? ብዙ ጊዜ ሲስተሙም አብሮት ይዛወራል። ከመጀመሪያው ሁለት ሰው ይሠልጥን፤ አንዱ የመጋዘን ሠራተኛው ይሁን። አበሉ ለእሱም ይድረሰው።