ሱቁ የማን ነው?

ሰሞኑን በማደሪያችን ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አምሽተናል። ነገሩ በቀልድ ነበር የተጀመረው። አንዱ ወንድማችን «የአዲስ አበባ ሱቅ ሁሉ የጉራጌ ሆኖ ሳለ ሌላው ምን ሊሠራ ነው?» አለ፤ ሌላው ተቆጥቶ መለሰለት፤ ቀልዱም ቀልድ መሆኑ ቀረ። እንዲህ ያለው አነጋገር በየሻይ ቤቱም የሚሰማ ስለ ሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

በመጀመሪያ ነገር፣ ሱቁ ሁልጊዜ የጉራጌ አልነበረም። በአራዳ ገበያ ዘመን ትልልቁን ንግድ የያዙት ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ነበሩ፤ በየመንደሩ ስኳርና ላምባ የሚቸረችረውም የየመን ዐረብ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን በያዘ ጊዜ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ሲል የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛወረ፤ መርካቶ የተወለደው ከዚያ ዘረኝነት ነው። ጉራጌው የገባው እንግዲህ ከታች፣ በተሸካሚነት፣ በሊስትሮ፣ በሱቅ በደረቴ ነው። ሱቅ መርቆ የሰጠው የለም። ዛሬም ቢሆን ሲሸከም ውሎ በረንዳ የሚያድር ጉራጌ መኖሩን ተከራካሪዎቻችን ረስተውታል።

ታዲያ ብዙዎቹ እንዴት ወጡ? ምስጢሩ ዘር አይደለም፤ ዕቁብና ዋስ ነው። አዲስ የመጣው ልጅ ከዘመዱ ሱቅ ይጠጋል፤ ሌሊት እዚያው እየተኛ ቀን ሚዛኑንና ደንበኛውን ይለምዳል። ጥቂት ካጠራቀመ በኋላ ዕቁብ ይገባል። ዕጣው ሲወጣለት ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው፤ ዋሱም የአገሩ ልጅ ነው። ባንኩ «የቤት ካርታ አምጣ» ሲል ዕቁቡ የሚጠይቀው «ማን ያውቅሃል?» ብሎ ነው። በ1950ዎቹ ወደ ጉራጌ አገር የሚወስደውን መንገድ ለማሠራት ነጋዴው ገንዘብ ያዋጣው በዚሁ መተማመን ነው። (የማኅበራችንን መዋጮ በጊዜው የማንከፍል እኛ ይህን ስንጽፍ ትንሽ አፍረናል።)

ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። «ማን ያውቅሃል?» የሚለው ጥያቄ ዋስ ለሌለው ሰው በሩን ይዘጋበታል። ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከጋሞ የመጣው ወጣት ሎተሪ ያዞራል፣ ካልሲ ይሸጣል፤ ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ዕቃውን ጠቅልሎ ይሮጣል። ሽንኩርት በጉልት የምትቸረችር እናትም ዝናብ ሲመጣ መጠለያ የላትም። እነዚህን ሰነፎች ብሎ የሚፈርድ ቢኖር ከእነርሱ ጋር አንድ ቀን ይዋል!

«እንግዲያው ተነጥቆ ይታደል» የሚሉ አልጠፉም። ኢዲ አሚን በ1964 ዓ.ም. እስያውያኑን በ90 ቀን ውስጥ ከዩጋንዳ ውጡ ብሎ አባረረ። ሱቆቹ ለወታደሮችና ለባለሟሎች ታደሉ፤ ብዙም ሳይቆይ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ድሀው ዩጋንዳዊ ያገኘው ወረፋ ብቻ ነው።

ዝም ብሎ መቀመጥም መልስ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮውን ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። ለባለ ትልቅ መደብሩ ቦታ ከተገኘ ለባለ ጉልቷ ጥላ ያለው መደብ መፈለግ እንዴት ያቅታል? ማዘጋጃ ቤቱ በዝቅተኛ ኪራይ፣ በግልጽ ዕጣ፣ የማን ወገን ነህ ሳይል መደብ ይስጥ። ባንኮችም ለዓመታት ሳያጓድል ዕቁብ የጣለን ሰው መዝገቡን አይተው ያበድሩት፤ ከካርታ ያላነሰ ማስረጃ ነውና። የመርካቶ አባቶቻችንና ወንድሞቻችን ደግሞ ከየሱቃቸው አንድ የአገራቸው ልጅ ያልሆነ ወጣት ቀጥረው ሥራውን ያልምዱት፤ ዓመት አብሮ ከሠራ በኋላ ለዕቁቡ ዋስ ይሁኑት።