ጦር የያዘው ወንጀለኛ፣ ዶላር የያዘው እንግዳ

ስለ ጋምቤላ አራዊት ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንደኛው «ባህላዊ አደን» የሚለውን ቃል ሲሰማ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ለሱ ጦር ይዞ ሣር ውስጥ የሚገባ ሰው ሥልጣኔ ያልጎበኘው የአገር ሀብት አውዳሚ ነው። ሁለተኛው ያንኑ ሰው ሲያስብ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ከተፈጥሮ ጋር ተዋዶ የሚኖር፣ ኃጢአት ያልነካው የገነት ነዋሪ አድርጎ ይስለዋል። ሁለቱም አዲስ አበባ ተቀምጠው ነው የሚፈርዱት። ሁለቱም ደግሞ አንዲት ቀላል ጥያቄ አይጠይቁም፤ ለመሆኑ ያ ሰው የያዘው መሣሪያ ምን ያህል ርቀት ይደርሳል? የኔ ክርክር የቆመው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ በእኛ በደጋ ሰዎች ምናብ የቆላ አዳኝ ሁሉ ቀስት አንጋቢ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ በቀስትና በፍላጻ ስማቸው የገነነው ግን የመተከልና የአካባቢው ጉሙዞች ናቸው። ጋምቤላ የጦር አገር ነው። የኑዌር ልጅ ግንባሩ ላይ ስድስቱ መስመሮች ተሰንጥቀው ለወንድነት ሲበቃ ከአባቱ የሚቀበለው ጦር ነው። አኙዋኩ በጦር ዓሣም ይወጋል፣ አውሬም ይወጋል። መዠንግሩ ደኑ ውስጥ ቀፎውን እየሰቀለ ጦርና ወጥመድም ያውቅበታል። ቀስትም ሆነ ጦር ግን አንድ ጠባይ ይጋራሉ፤ ክንዳቸው አጭር ነው።

ፍላጻ አነጣጥሮ ለመምታት ሠላሳ አርባ እርምጃ መቅረብ ይጠይቃል፤ ጦር ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ባለጦሩ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ፣ ሣሩን ሳያንኮሻኩሽ መሳብ፣ የእንስሳውን ዓይን እስኪያይ ድረስ መጠጋት አለበት። ብዙውን ቀን ባዶ እጁን ይመለሳል። ያገኘው ጎሽ ከሆነ ጨርሶ ላይመለስም ይችላል። ሲቀናው ደግሞ ሥጋው የሱ ብቻ አይደለም። በናይል ዳር ሕዝቦች ልማድ መጀመሪያ የወጋና ሁለተኛ የወጋ የየራሱ ድርሻ አለው፤ የቀረው ለዘመድና ለጎረቤት ይከፋፈላል። በዚያ ሙቀት ሥጋ አስቀምጦ ልክበር ቢል ማን ይፈቅድለታል? ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የኅብረተሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኑዌሮችን ሲያጠና፣ አገራቸው በአራዊት የተትረፈረፈ ሆኖ ሳለ ለአደን እምብዛም እንደማይጓጉ ጽፏል። ከብት ላለው ሰው አደን የከብት ድሃ ሥራ ነበር። እነዚህን ነው እንግዲህ አውዳሚዎች የምንላቸው።

«እንስሳው አይሠቃይም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይሠቃያል። ፍላጻም ጦርም የሚገድሉት ደም በማፍሰስ ነው፤ የተወጋው ቆርኬ ሮጦ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ፣ ለሰዓታት አጣጥሮ ሊሞት ይችላል። ጨርሶ ሳይገኝ የሚቀርም አለ። ጥሩ ተኳሽ በአንድ ጥይት ይገላግለዋል። የአንዱን እንስሳ ስቃይ ብቻ በሚዛን ላይ ካስቀመጥን ክርክሩን ጠመንጃ ያሸንፋል፤ ይህን የሚክድ የባህል ጠበቃ ካለ እየዋሸ ነው። ያቺው ጥይት ግን የአንዱን ስቃይ ባሳጠረችበት ቅልጥፍና መንጋውን ታሳጥረዋለች። እኔ ከሁለቱ ክፉዎች መምረጥ ካለብኝ በቀን አንድ የሚያቆስለውን እመርጣለሁ፤ ሠላሳውን ያለ ሥቃይ የሚጨርሰውን አልመርጥም።

የዚህ አጭር ክንድ ማራኪነት ለፈረንጆቹም አልተሰወረም። እ.ኤ.አ. በ1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢሺ የሚባል፣ ወገኖቹ በሰፋሪዎች ጥይትና በበሽታ ያለቁበት፣ የያሂ ነገድ የመጨረሻ ሰው ከጫካ ወጣ። ሳን ፍራንሲስኮ ወስደው ሙዚየም ውስጥ አስቀመጡት። እዚያ ሳክስተን ፖፕ የተባለ ሐኪም ወዳጁ ሆነና ቀስት አሠራሩንና አተኳኮሱን ከሱ ተማረ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ፖፕ በ1923 በቀስት ስለማደን መጽሐፍ አሳተመ፤ ቀጥሎም ከጓደኛው ከአርት ያንግ ጋር ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ መጥቶ አንበሳ በፍላጻ አደነ። ዛሬ በሁለቱ ስም የሚጠራ የቀስት አዳኞች ማኅበር አሜሪካ ውስጥ አለ፤ የቀንድ መጠን እየለካ ይመዘግባል። ቀስቱ ተረፈ፤ ባለቀስቱ አለቀ። የከተማ ሰው በቀስት ሲያድን ስፖርት ይባላል። የቀስቱ ባለቤት ሲያድን ምን እንደሚባል ደግሞ ከጎረቤታችን ከኬንያ እንስማ።

የጻቮ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲከለል በውስጡና በዙሪያው ዋታ የሚባሉ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆኑ አዳኞች ይኖሩ ነበር። ቀስታቸው ለመሳብ ከ45 ኪሎ በላይ ጉልበት የሚጠይቅ፣ የፍላጻቸው መርዝም እኛ ምረንዝ ከምንለው ዛፍ ወገን የሚቀመም ነበር። በዚህ ዝሆን ይጥሉ ነበር። ንጹሐን ነበሩ አልልም፤ ጥርሱን ለነጋዴ ይሸጡ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ በተከፈተባቸው ዘመቻ ብዙዎቹ ታስረው አደናቸው ከሥሩ ተነቀለ። ከዚያስ? በ1970 እና በ1971 ድርቅ ሆነና በሺህ የሚቆጠሩ ዝሆኖች በረሃብ አለቁ። ቀጥሎ ባለጠመንጃዎቹ መጡ። በ1960ዎቹ መጨረሻ 35 ሺህ ገደማ ይገመት የነበረው የጻቮ ዝሆን በ1988 ወደ 6 ሺህ ገደማ ወርዶ ተገኘ። ዋታዎቹ ቢተዉ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ብዬ አልከራከርም። ሜዳውን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቀውን፣ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ በዱካ የሚለየውን ሰው አስሮ ለማያውቀው ባለክላሽ ሜዳ መልቀቅ ግን ጥበቃ አይባልም።

አሁን ወደ ባሮ እንመለስ። የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ግድም ሲቋቋም ዋና ዓላማው ነጭ ጆሮ ቆርኬንና የናይል ሌችዌን መጠበቅ ነበር። ቆርኬው ከደቡብ ሱዳን ቦማና ባንዲንጊሎ ሜዳዎች ጋር የሚያገናኝ ታላቅ ጉዞ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው የአየር ላይ ቆጠራ በደቡብ ሱዳን በኩል 5 ሚሊዮን ያህል ነጭ ጆሮ ቆርኬ እንዳለ ገምቷል። እንዲህ ያለ ሀብት መጠበቅ እንዳለበት የሚከራከር ካለ ከኔ ወገን አይደለም።

ከማን ይጠበቅ? ነው ጥያቄው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የሚያድነውን ሰው ከ5 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ደነገገበት። ጦር ላይ አንድ ዓመት፣ ክላሽ ላይ አምስት የሚል ልዩነት አላበጀም። ፈቃድ ላለው ግን በሩ ክፍት ነበር። በዚያው በጋምቤላ ክልል ጂካዎ፣ ቴዶና አኮቦ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ተብለው ተከለሉ፤ ሌችዌውና ቆርኬው ለውጭ አገር አዳኝ በዶላር ቀረቡ። ደጋ ላይ የአንድ ደጋ አጋዘን ፈቃድ እስከ 15 ሺህ የአሜሪካን ዶላር ይጠይቅ ነበር። ባለዶላሩ ቀንዱን ይዞ ይሄዳል፤ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ባለጦሩ ሥጋውን ለልጆቹ ያበላል፤ ወህኒ ይወርዳል። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ነው ያለ ችግር የሚገድለው?

«ገንዘቡ ለጥበቃ ይውላል» ይሉኛል። ይዋል። ግን ስለ ገንዘብ ከተነሳ ሌላም ሒሳብ አለ። በ2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ ለተባለው የህንድ ኩባንያ በጋምቤላ 100 ሺህ ሄክታር መሬት፣ በዓመት በሄክታር 20 ብር፣ ለ50 ዓመት ተፈረመለት። አንድ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቆርኬ የሚግጥበት ሣር በቡልዶዘር ተገለበጠ፤ ረግረጉ ተቦየ። ውሉ በ2008 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ሣሩ ግን በውል መፍረስ አይመለስም። በዚያ ሁሉ ዓመት ሕገወጥ አዳኝ ተብሎ ይጠራ የነበረው ባለቡልዶዘሩ አልነበረም።

እስካሁን ያነበበኝ የባህል ጠበቃ ሳይደሰት አይቀርም። አይደሰት። ዛሬ በጋምቤላ አውሬውን የሚጨርሰው በአብዛኛው ጦር አይደለም፤ ክላሽ ነው። በሞተር ብስክሌት ተጭኖ ለገበያ የሚቀርብ ሥጋ «የአባቶቻችን ወግ» ሲባል ስሰማ ያመኛል። አባቶቹ ሞተር አልነበራቸውም። ጠመንጃ ራሱ ወደ አኙዋክ አገር በብዛት የገባው ከመቶ ዓመት በፊት በዝሆን ጥርስ ልዋጭ ነው፤ እንግሊዞች ከ1894 ዓ.ም. ውል በኋላ ባሮ ላይ ወደብ ከፍተው ሲነግዱ ዋናው ጭነት ቡና ቢሆንም ጥርሱም ይወጣ ነበር። ዝሆን ገዳይ እየተባለ በፉከራ የተወደሰው የደጋ ጀግናም በዚያ ገበያ ውስጥ እጁ አለበት። ስለዚህ የጠመንጃውን ነገር በቆላው ሰው ብቻ ማሳበብ አያምርብንም።

ክላሹን ጣል ማለትም ቀላል አይደለም። ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ ታጣቂዎች በአንድ ጥቃት ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ይዘው ሄደዋል። ከዚያ በኋላ ለኑዌር አባት መሣሪያህን አስረክብ ብሎ መስበክ ድፍረት ይጠይቃል። መሣሪያው ለቤቱ ጥበቃ ይኑር፤ ወደ ቆርኬው መንጋ ይዞት ሲሄድ ግን ሕግ ይያዘው።

ሐሳቤ እንግዲህ ይህ ነው። ሕጉ ሰውየውን ከመጠየቁ በፊት መሣሪያውን ይይ። በፓርኩ ዳርቻ ላሉ መንደሮች፣ በተወሰነ ወር፣ ቁጥሩ ከማይሰጋበት ዝርያ፣ በጦርና በቀስት ብቻ ማደን ይፈቀድ። ሌችዌው በቁጥር የተመናመነ ነውና ከዚህ ይውጣ፤ ባለዶላሩም አይንካው፣ ባለጦሩም አይንካው። ጠመንጃ፣ ሞተር ብስክሌትና የሌሊት ባትሪ የያዘ አዳኝ የየትኛውም ብሔር ልጅ ይሁን አይማር። ይህ የኔ ቅዠት አይደለም፤ ታንዛኒያ የሃድዛ ሕዝብ በቀስቱ እንዲያድን ፈቅዳ ኖራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በያኢዳ ሸለቆ ከ20 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት በስማቸው አረጋግጣላቸዋለች።

«ባለጦሩስ ሥጋውን ለነጋዴ ቢሸጥ?» ለሚሉኝ መልስ አለኝ። ኬላው ላይ ሚዛን መትከል አያስፈልግም። አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ በእግሩ መንደሩ ከሚያደርሰው በላይ ሥጋ የተገኘበት ያን ጊዜ ይያዝ።