«ሎርድ» የማን ስም ነው?

በየክርክሩ «ሎርድ ባይረን» እያሉ ሎርድነቱን በብዕሩ ያገኘው የሚያስመስሉ ወገኖች አሉ። ኧረ ለመሆኑ ማዕረጉ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1798 የአያቱ ወንድም ሲሞት ወረሰው። ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። በየትኛው ግጥሙ ይሆን የተሾመው?

እስቲ መሰላሉን እንመልከተው። ከላይ ዱክ፣ ቀጥሎ ማርኩዊስ፣ ከዚያ ኧርል፣ ቫይካውንት፣ ከታች ባሮን። ከዱክ በቀር አራቱም «ሎርድ» ተብለው ይጠራሉ፤ ስለዚህ ቃሉ ደረጃውን እንኳ አይነግረንም። ፍቺያቸውን ብንመረምር ግን ነገሩ ይገለጣል። ዱክ ከላቲን የመጣ ሲሆን መሪ፣ የጦር አዝማች ማለት ነው። ማርኩዊስ የጠረፍ ገዢ፣ ቫይካውንት ምክትል ገዢ ነው። የሥራ ስሞች ናቸው፤ ልክ የእኛው ፊታውራሪ የጦር ግንባር መሪ እንደነበረው። ሥራው ሞተ፤ ስሙ ግን ከነጥቅሙ ካባት ወደ ወንድ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ።

ቴኒሰንስ? አዎ፣ እሱ በ1884 ባሮን የተባለው በግጥሙ ነው። ሲሞት ግን ባሮንነቱ ለልጁ አለፈ። ግጥም መጻፉንስ ማን ይውረስ?

«ተዉት እባካችሁ፣ ጌጥ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» ይሉናል። ጌጥ ሕግ ያወጣል እንዴ? እነዚህ ወራሾች ማንም ሳይመርጣቸው በሎርዶች ምክር ቤት ተቀምጠው ለዘመናት ሕግ አውጥተዋል፤ በ1909 የመንግሥትን በጀት ሳይቀር ጥለዋል። የ1999ኙ ሕግ አብዛኞቹን ሲያስወጣ እንኳ 92 መቀመጫ ትቶላቸው ነበር። ክብሩም ቢሆን በገንዘብ ሲቸበቸብ ቆይቶ ነው በ1925 ሽያጩን የሚከለክል ሕግ የወጣው።

እንግዲህ ማዕረጎቹን አንማር አንልም። እንማራቸው፣ ግን ማን በማን ላይ እንደቆመ ለማየት እንጂ ለመስገድ አይሁን። «ንጉሥ ሊር»ን እናንብብ። ዱኩ የኧርሉን ዓይን ሲያወጣ ሰይፍ መዞ የገጠመው ማን ነው? አንድ አሽከር። ሼክስፒር ማዕረግ ይቅርና ስም እንኳ አልሰጠውም። ዱኩ ግን በዚያው ቁስል ሞተ።

ባይረንን ባይረን እንበለው። ግጥሙ ይበቃዋል።