ለመሆኑ ሶደቃችን የት ገባ?

 

ልመና መልኩን ከቀየረ ሰነባብቷል። ቀድሞ ችግረኛው ራሱ ከደጃችን ቆሞ ስለ አላህ ይለን ነበር። ፊቱን እናየዋለን፤ የሰጠነውንም ቁራሽ ሲጎርስ እንመለከታለን። ዛሬ ግን የማናውቀው ሰው የማናውቀውን በረንዳ አዳሪ ፎቶግራፍ በስልካችን ይልክልናል፤ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር ያሰፍራል፤ «አይቶ ያለፈን አላህ ይየው» ብሎም ይጨምርበታል። ይህ ጥሪ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ይዞራል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህማ መላኩ የደቂቃ ጉዳይ ሆኗል። ጉልት ውላ የምትገባ እናት ሳትቀር ከድንችና ከሽንኩርት ያተረፈቻትን ሃምሳ ብር ትልካለች። መላኳ ይበል የሚያሰኝ ነው። የሚያሳዝነው ገንዘቧ የት እንደገባ የሚነግራት አለመኖሩ፣ ይባስ ብሎም መጠየቋ እንደ ነውር መቆጠሩ ነው።

ጠያቂ ሲመጣ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ «ይህ ሱኡ ዘን ነው፤ ወንድማችሁን በክፉ አትጠርጥሩ» የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ ሱረቱል ሑጁራት በ12ኛው አንቀጽ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ታዝዛለች። ዳሩ ግን ያችው ሱራ በ6ኛው አንቀጽ እምነት የማይጣልበት ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ ታዝዛለች። እነዚህ ወንድሞች 12ኛውን ይዘው 6ኛውን የት ጣሉት? የማናውቀውን ሰው ፋሲቅ አንለውም፤ ዓዲል ነው ብለን የምንመሰክርበት መረጃም የለንም። ስለዚህ መጠየቅ ይቀረናል።

የኢብኑ ሉትቢያን ታሪክ በመድረሳ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሶደቃ እንዲሰበስብ የላኩት ይህ ሰው ሲመለስ ከፊሉን አስረከበ፤ ከፊሉን ግን በስጦታ የተሰጠኝ ነው ብሎ ለራሱ ለየ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በዝምታ አላለፉትም። ሚንበር ላይ ወጥተው በሕዝብ ፊት ድርጊቱን ነቀፉ፤ ከወላጆቹ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነም ጠየቁ። ልብ በሉ! ሰውየው ሶሓባ ነው፤ የላኩትም ነቢዩ ራሳቸው ናቸው፤ ሒሳቡ ግን ተመረመረ። ታዲያ ስሙን እንኳ በትክክል የማናውቀው የቲክቶክ ሰብሳቢ በምን ሒሳብ ነው ከመጠየቅ ነፃ የሚሆነው? በየሰፈራችን ያለው እድር ሃያ ብር ብትጎድል ገንዘብ ያዡን አቁሞ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ያዡም መዝገቡን ገልጦ ያሳያል እንጂ ጠረጠራችሁኝ ብሎ አያለቅስም። በነገራችን ላይ ሰብሳቢ ለድካሙ ድርሻ ማግኘቱን ሸሪዓው አልከለከለም፤ ሱረቱ ተውባ በ60ኛው አንቀጽ ከዘካ ተቀባዮች መካከል ይቆጥረዋል። ሳይናገር የሚወስደው ግን ድርሻ አይባልም፤ ስርቆት ነው።

ሁለተኛው መልስ «እኔ በኒያዬ ሰጥቻለሁ፤ ከበላው ዕዳው የራሱ ነው» የሚለው ነው። ለዚህም ሳያውቅ ለሌባ፣ ለአመንዝራና ለሀብታም ሶደቃ የሰጠውንና ተቀባይነት ያገኘውን ሰው ሐዲስ ይጠቅሳሉ። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው። ነገር ግን ያ ሰው በገዛ እጁ ሰጥቶ ሳያውቅ ተሳሳተ፤ እኛ ማወቅ እየቻልን ነው ዓይናችንን የምንጨፍነው። ደግሞም ዘካ ከሱና ሶደቃ ይለያል፤ ዘካ ዕዳ ነው። በሐነፊያ መዝሀብ ተቀባዩ ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብሎ አጣርቶ የሰጠ ሰው በኋላ ቢሳሳት ዘካው ይቆጠርለታል የሚለው የኢማሙ አቋም ነው፤ እየተጠራጠረ ሳያጣራ ሰጥቶ የማይገባው ሰው ዘንድ ከደረሰ ግን አይቆጠርለትም። በሻፊዒያ ዘንድ ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል። እንግዲህ ረመዷን ላይ የዓመት ዘካችሁን ለማታውቁት ቁጥር የላካችሁ አባወራዎች ሆይ! ዘካው ከጫንቃችሁ መውረዱን በምን አረጋገጣችሁ?

«ማን አጭበርብሮ ተገኘ?» የሚል ካለ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ አንድ ጉዳይ እነሆ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ፣ ፊላደልፊያ አካባቢ፣ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ቤንዚን አልቆባት ስትቸገር አንድ ጎዳና ተዳዳሪ የመጨረሻ 20 ዶላሩን አውጥቶ ቤንዚን ገዛላት የሚል ወሬ ተነዛ። ለውለታው መመለሻ በሚል ጎፈንድሚ በተባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ 14,000 ያህል ሰዎች ከ400,000 ዶላር በላይ አዋጡ። በዓመቱ ወሬው ከሥሩ ፈጠራ መሆኑ ተደረሰበት፤ ሴትዮዋ፣ ወዳጇና ራሱ ጎዳና ተዳዳሪው ሦስቱም ጥፋተኝነታቸውን አመኑ። በዚያ ለሰጪዎቹ ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል። እዚህ ለአንድ ግለሰብ ቁጥር የላካችሁትን ማን ይመልስላችኋል?

ወደ እኛው አዊ እንመለስ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ላይ ከ100 በላይ ሰዎች ከተጨፈጨፉ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ ሰፈሩ። ያን ጊዜ ዳቦና ብርድ ልብስ ተሸክሞ የሄደ ሰው ያደረሰውን ያውቃል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በክልላችን ጦርነት ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በእነዚያ ወራት በእኛ ችግረኞች ስም ውጭ ምን እንደተለመነ፣ የማን ፎቶግራፍ እንደተለጠፈ እዚህ ያለነው ማየት አልቻልንም። ለማኙ ያያል፤ ሰጪው ያያል፤ የተለመነለት ግን አያይም።

ካየሁት አንዱን ልጥቀስ። «በዘንገና ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ የወደቁ እናት» ይላል ጥሪው። የአካባቢው ሰው ይስቃል። ዘንገና እኮ ሐይቅ ነው! ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በአዲስ አበባው መንገድ አጠገብ ያለ፣ በክብነቱና በጥልቀቱ የታወቀ ሐይቅ፤ ዙሪያው ዛፍና የገበሬ ማሳ። መናኸሪያው ሐይቁ ውስጥ ካልሆነ በቀር የት እንዳለ አላውቅም። ይሁን እንጂ ጂዳ ወይም ዱባይ በሰው ቤት ሥራ የምትደክም እህታችን ይህን ከየት ታውቃለች? «ላክሁ፣ አላህ ይቀበለን» የሚሉ መልእክቶች ከሥሩ ተደርድረው አይቻለሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከነክነኝ የሰው ክብር ነው። በአእምሮ ሕመም የተነሳ ራቁቱን የሚሄድን ሰው ካሜራ ፊት አቁሞ ያጥቡታል፣ ይላጩታል፣ ያስለቅሱታል። ፈቃዱን ማን ጠየቀ? ሊጠየቅስ በሚችልበት ሁኔታ ላይ ነበርን? እናቱ፣ ልጁ ያንን ምስል ያያሉ። ሱረቱል በቀራ በ264ኛው አንቀጽ ሶደቃ በመመጻደቅና በማስከፋት እንደሚበላሽ ያስጠነቅቃል። ጥቂት ዝቅ ብሎ በ273ኛው አንቀጽ የሚያወሳቸው ድሆች ደግሞ ከጨዋነታቸው የተነሳ ለማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚመስሉት ናቸው። እነዚህን በየትኛው ቲክቶክ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ?

ይህን ስል ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየቴ አይደለም። አዲስ አበባ አያት ያለው መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና ያነሳል፤ በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማጠናቀቂያ በኢንተርኔት ቀጥታ ሥርጭት ለቀናት ገንዘብ ሲሰበሰብለት ብዙዎች ተከታትለዋል። ስለ ኢንተርኔቱ ማንም የፈለገውን ይበል፤ በሩ የሚታወቅ፣ አንኳኩተው የሚገቡበት ግቢ አለው። ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ድርጅቶች እንዲመዘገቡ፣ የሒሳብ ሪፖርት እንዲያቀርቡ፣ ለአስተዳደርም ከገቢያቸው ከ20 በመቶ በላይ እንዳያወጡ ይደነግጋል። ስለዚህ ጥሪ ሲደርሳችሁ የምትጠይቁት ከባድ አይደለም። ሒሳቡ የተከፈተው በማን ስም ነው? በግለሰብ ወይስ በድርጅት? ድርጅቱ ተመዝግቧል? ባለፈው ጊዜ የተሰበሰበው ስንት ነበር፣ ለማንስ ደረሰ? የማይመልስ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

የያዛችሁትን የት ታድርሱት? ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲላኩ የታዘዙት ዘካው ከሀብታሞቻቸው ተወስዶ ለድሆቻቸው እንዲሰጥ ነው። ለዚያው አገር ድሆች! የእንጅባራን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከዒሻ በኋላ ከመስጊድ ስንወጣ ከሱቆቹ በረንዳ ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ለብሰው የሚተኙ አሉ። እነርሱን ተራምደን እያለፍን ነው በስልካችን የሩቅ በረንዳ አዳሪ የምንፈልገው። «ከእነርሱ ብዙዎቹ ሙስሊም አይደሉም» የሚል ሰምቻለሁ። የሱና ሶደቃ ለሙስሊም ብቻ ነው ያለው ማነው? ሱረቱል ሙምተሒና 8ኛውን አንቀጽ ሄዶ ይመልከት። ዘካውን ለሚገባው ሙስሊም፣ ሶደቃውን ደግሞ በብርድ ለሚንቀጠቀጠው ሁሉ መስጠት ይቻላል።

የእንጅባራ፣ የዳንግላና የቻግኒ የመስጊድ ኮሚቴዎች ከመጪው ረመዷን በፊት ይህን እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ሁለት ወጣቶች በአንድ ሌሊት ከተማውን ዞረው በረንዳ የሚያድረውን ይቁጠሩ። የገባው ገንዘብና የወጣው በወሩ መጨረሻ ከጁሙዓ በኋላ ይነበብ። የተቀባዮቹ ስም ግን አይነበብ፤ ፎቶግራፍም አይነሱ።