ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

ባለፈው እትም አንዲት እህታችን «ስፒከር በቁጥር አይገዛም፤ ጆሮሽን እመኚ» ብላ ጽፋለች። ብዙዎቻችሁ ወዳችሁላታል፤ እሑድ ስንሰበሰብ ጮክ ተብሎ ሲነበብም ተጨብጭቧል። እኔ አላጨበጨብኩም። ለአዳራሻችን የድምፅ ዕቃ ለመግዛት ስንት ወር ሙሉ ከደመወዛችን እየቆረስን አዋጥተናል፤ ኮሚቴው ደግሞ ይህንኑ ምክር ይዞ ሱቅ ለሱቅ እየሰማ ሊመርጥ ነው። ገንዘቡ ሳይወጣ የምለው አለኝ።

እህቴ የተነሣችበት ነገር እውነት ነው፤ አልክድም። ዶራና ቡርጅ ሃሙድ ሱቆች ውስጥ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ያሳፍራል። ከጉልበት የማትደርስ የፕላስቲክ ሣጥን «10,000 ዋት» ተብላ ትሸጣለች። እስቲ ሒሳቡን በምናውቀው ነገር እንሥራው። ቤይሩት ውስጥ የጄኔሬተር ኢሽቲራክ ባለበት ቤት የሠራች ሁሉ 5 አምፔር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ካውያና ማጠቢያ ማሽን አንድ ላይ ከተሰኩ መብራቱ ድርግም ይላል። 5 አምፔር በ220 ቮልት ሲባዛ 1,100 ዋት ነው። ታዲያ ባለ 10,000 ዋቷ ሣጥን በዚያው መስመር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስትዘፍን መብራቱ የማይጠፋው በምን ተአምር ነው?

ተአምር የለም። ያ ቁጥር ፒኤምፒኦ የሚሉት ነው፤ ሁሉም አምራች እንደፈለገ የሚያሰላው፣ የተስማሙበት ሕግ የሌለው ቁጥር። የሚጠየቀው ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል፣ አርኤምኤስ የሚባለው ነው። አሜሪካ ውስጥ የአምፕሊፋየር ሻጮች ይህንን እንዲናገሩ የሚያስገድድ ደንብ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እዚህ ደንብ አስከባሪዋ አንቺው ስለሆንሽ ዕቃውን አዙሪና ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቢ። ከመብራት የሚወስደው ዋት እዚያ ተጽፏል። 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 10,000 አይሰጥም፤ ከአንድ ጣሳ ጤፍ የሰርግ እንጀራ አይወጣም።

እህቴ ከዚህ ተነሥታ «እንግዲያው ቁጥር ይቅር» አለች። የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። የሚሰርቅ ሚዛን ያየች ሴት ሚዛን ይቅር አትልም፤ ሌላ ሚዛን አምጣ ትላለች። ካርቶን ላይ ያለው እኮ ልኬት አይደለም፣ በቁጥር የተጻፈ ማስታወቂያ ነው።

«ጆሮሽን እመኚ» የሚለውን ምክር ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሻጩ። «ስማዒ፣ ስማዒ» እያለ መጀመሪያ ርካሹን ያሰማሻል። ቀጥሎ ሊሸጥልሽ የፈለገውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል። ትንሽ ብቻ። ጆሮ ያችን ጭማሪ «ጮኸ» ብሎ አይመዘግባትም፤ «ጠራ፣ ሞላ፣ አማረ» ብሎ ነው የሚመዘግባት። ይህ የእኛ አለማወቅ አይደለም፤ የሰው ጆሮ አሠራሩ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን በተለይ ቤዙን ያጣዋል፤ ከፍ ሲል ቤዙ ይመለሳል። ስለዚህ ያው አንዱ ዕቃ ራሱ ከፍ ሲደረግ ሌላ የተሻለ ዕቃ ይመስላል።

ዓይንም አለ። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ሰዎች፣ ያውም ስፒከር ለሚሠራ ኩባንያ የሚሠሩ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሙከራ ቀላል ነው። 40 ሰዎች አራት ስፒከሮችን አንዴ እያዩ፣ አንዴ ሳያዩ ሰምተው ነጥብ ሰጡ። ሲያዩ ትልልቆቹና ውዶቹ ከፍ አሉ፤ ሳያዩ ጥሩ ነጥብ የሰጧት ትንሽና ርካሽ ሲስተም ደግሞ ስትታይ ነጥቧ ወረደ። በመስማት ልምድ ያላቸውም ከዚህ አላመለጡም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ለሐሜት ነው፤ ሱቅ ውስጥም ግን ይሠራል፤ ጆሯችን በምን እንደተደለለ ለራሳችን አይነግረንም።

(ውድ ስፒከር የሚወድ ሚስተር ቤት የሠራችሁ ይህንን አይታችኋል። አቧራውን የምናብሰው እኛ፣ ስለ ድምፁ ጥራት የሚናገረው እሱ። እኔ የማውቀው ሰውዬ ለእንግዳ ዋጋውን ሳይናገር ሙዚቃ ከፍቶ አያውቅም።)

እህቴ «እናቶቻችን ምጣዱ መጋሉን በቴርሞሜትር ነው እንዴ ያወቁት?» ብላ ጠይቃለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን እሷን አያግዝም። እናቴ ምጣዷን ያወቀችው በየቀኑ ስለተፈተነች ነው። ሊጡ ፈሰሰ፣ አክንባሎው ተከደነ፣ ተከፈተ። እንጀራው ዓይን ካላወጣ ስሕተቱ ዕለቱን እፊቷ ላይ ነው፤ ቀጣዩን ታስተካክላለች። ቡና ስትቆላም እንደዚያው፤ ያረረውን ጎረቤት ሁሉ ይቀምሰዋል። እጇና አፍንጫዋ የተማሩት እንዲህ በሺህ ጊዜ ፈተና ነው። ስፒከር ግን በስንት ዓመት አንዴ ይገዛል፤ ቤት ከገባ በኋላ ከተሻለው ጋር አጠገብ ለአጠገብ የሚያስተያየው የለም። ያልተፈተነ ጆሮ በምን ይማራል?

ሌላው ክርክሯ ስሜት ነው፤ የማሲንቆ ድምፅ የሚያሳድረው ስሜት በቁጥር አይለካም ትላለች። አይለካም፤ እሺ። ግን ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ የአስቴርን ዘፈን ሰምተን አልቅሰን የለም ወይ? ያስለቀሰን ዘፈኑና ናፍቆቱ ነው። የስልኩ ስፒከር ጥሩ ነበር የምትል ካለች ትነሣ!

ጆሮ ቁጥርን ያሸነፈበት ጊዜም አለ፤ እሱን ብሸሽግ አድልዎ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ሲወጡ፣ በሙሉ ኃይል ሲለኩ የድምፅ መዛባታቸው ጥቂት ነበር፤ ሰዎች ቤታቸው ዝቅ አድርገው ሲሰሟቸው ግን አንዳንዶቹ ይሻክሩ ነበር። ሰሚዎቹ ልክ ነበሩ፤ መዛባቱ የሚጎላው ድምፁ ዝቅ ሲል ነበር። ከዚያስ ምን ተደረገ? መለኪያው አልተጣለም፤ ዝቅ ባለው ድምፅም መለካት ተጀመረ። ኦሊቭም በ2004 እ.ኤ.አ. 70 ስፒከሮችን ይዞ፣ ዓይናቸው ያላየ ሰሚዎች የትኛውን እንደሚመርጡ በደንብ ከተሠራ ልኬት አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል አሳየ። ጥሩ ልኬት የጆሮ ጠላት አይደለም፤ ካልተደለለ ጆሮ የተቀዳ ነው።

ለእኛ ይህ የጌጥ ክርክር አይደለም። አዳራሻችን ውስጥ የሚከፈተው ዘፈን ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። ስለ ኮንትራት፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ኢቃማ የሚነገረን እዚያው ነው። ሱቅ ውስጥ ደረት የሚመታው ቤዝ አዳራሽ ሲገባ ንግግርን ይውጣል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው አዲስ የመጣች ልጅ፣ ለመጠየቅም የምታፍረዋ፣ «ቀኑ መቼ ነው ያሉት?» እያለች የምትቀረው ያኔ ነው። በጆሮ የምትመርጡላት ከሻጩ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ነው፤ እሷ ግን አሥራ አምስት ሜትር ርቃ ነው የምትሰማው።

ከአንድ ሜትር ላይ በአንድ ዋት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ጠይቁ። ዋትን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ዋት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ 91 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ50 ዋት የሚያደርሰውን፣ 85 የሚሰጠው ለማድረስ 200 ዋት ያስፈልገዋል። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚል ካያችሁ ስንት ዴሲቤል ከፍና ዝቅ እያለ እንደሆነ ካልተጻፈ እለፉት፤ እንዲህማ ሁሉም ይጽፋል።

ከዚያ በኋላ ጆሮ ይምጣ፤ ግን በእኛ ደንብ። ሁለቱ ስፒከሮች አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጡ፤ አንዱ ጥግ ላይ ከሆነ ግድግዳው ቤዙን ያሳብጠዋል። ሰሚዋ በምትቀመጥበት ቦታ ስልክ ላይ ዴሲቤል የሚያሳይ አፕ ተከፍቶ የሁለቱ ድምፅ ይስተካከል። የስልክ ልኬት ትክክለኛ አይደለም የምትሉ ልክ ናችሁ፤ ሆኖም ያው ስልክ ሁለቱን ለማወዳደር ይበቃል። ከኮሚቴው አንዷ ዓይኗን በነጠላ ትሸፍን፣ ሌላዋ ዝም ብላ ትቀያይር፣ ሦስተኛዋ ትጻፍ። አንድ ዘፈን፣ አንድ በስልክ የተቀዳ የሴት ንግግር፣ ቢያንስ አሥር አሥር ጊዜ። ሻጩ እምቢ ካለ ዶራ ውስጥ ሱቅ ሞልቷል። ነጠላውን እኔ አመጣለሁ።